አራት ትምህርት በአንድ አሞሌ ጨው፦ ሶሻልን አያይዞ የማጥኛ መንገድ

ታሪክ በአንድ ደብተር፣ ኢኮኖሚክስ በሌላ፣ ዜግነት በሦስተኛው፣ የተፈጥሮ ሀብት ደግሞ በጂኦግራፊ ደብተር ውስጥ። አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሶሻልን የሚያጠናው እንዲህ ነው። ፈተና ሲደርስ አራቱንም ለየብቻ ይሸመድዳል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነገር ትንሽ ነው። ይህ የተማሪው ስንፍና አይደለም። እርስ በርስ ያልተያያዘ ነገር ለማንም ሰው ለማስታወስ ይከብዳል።

እዚህ የማሳያችሁ ሌላ መንገድ ነው። አንድ ነገር ትመርጣላችሁ። ያንን አንድ ነገር በአራቱም ትምህርት ጥያቄ ትጠይቁታላችሁ። የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን ጥያቄ ይወልዳል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን። እኔ ለማሳያ ጨውን መርጫለሁ። ጨው በየቤቱ አለ፤ ርካሽ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ግን ከአክሱም ዘመን እስከ ዛሬው የአፋር የአፍዴራ ጨው ገንዳ ድረስ የኢትዮጵያን ታሪክ፣ ገበያ፣ መሬትና ሕግ አንድ ላይ ይዟል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ቀላል ነው። አንድ አዲስ ደብተር፣ እርሳስ፣ የክፍላችሁ መማሪያ መጻሕፍትና የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ቅጂ። ደብተሩን ስትገልጡት ግራው ገጽ ለመረጃ ይሁን፦ ስም፣ ቦታ፣ ዓመት፣ ቁጥር። ቀኙ ገጽ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፦ «ለምን?» ቀኙ ገጽ ባዶ ከቀረ ያጠናችሁት ነገር ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ርዕሱን መምረጥ

የምትመርጡት ነገር ከመሬት ወይም ከውኃ የሚገኝ ይሁን። ገበያ ላይ ዋጋ ይኑረው። መንግሥት ሕግ ያወጣበት ወይም ግብር የሚሰበስብበት ይሁን። ቢያንስ መቶ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ታሪክም ይኑረው። ቡና፣ ወርቅ፣ ጤፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ የዓባይ ውኃ ሁሉም ይሆናሉ።

ከምትኖሩበት አካባቢ ብትመርጡ ይሻላል። ጅማ ያለ ተማሪ ቡናን፣ ሻኪሶ ያለ ወርቅን፣ አዲስ አበባ ያለ ደግሞ በምኒልክ ዘመን የገባውን ባሕር ዛፍ ቢወስድ ሄዶ የሚያየውና የሚጠይቀው ሰው አያጣም። ቦረና ያለ ተማሪ ጨውን ራሱን ሊወስድ ይችላል። ከያቤሎ በስተደቡብ፣ ዱብሉቅ አጠገብ፣ ኤል ሶድ የሚባል በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ አለ፤ ሰዎች ውኃው ውስጥ ገብተው ጥቁር ጨው ያወጡበታል።

«ግብርና»፣ «ንግድ»፣ «ልማት» የመሳሰሉ ሰፊ ርዕሶችን አትምረጡ። በእጅ የማይያዝ ነገር ከሆነ ጥያቄው ይበተንባችኋል።

ደረጃ 2፦ ከመሬቱ መጀመር

ብዙ ሰው ከታሪክ ይጀምራል። እኔ ግን ከመሬቱ ጀምሩ እላለሁ። ሰው ወደ አንድ ቦታ የሄደው እዚያ የሆነ ነገር ስላለ ነው። ያ ነገር ለምን እዚያ ተገኘ የሚለውን ሳታውቁ የሰዎቹን ታሪክ ብታነቡ ምክንያቱ ይጎድላችኋል።

መጀመሪያ ካርታ በእጃችሁ ሳሉ። ማተም ወይም ከስልክ መገልበጥ አይሁን፤ እጅ የሳለውን አእምሮ ይይዘዋል። በስተቀኝ ቀይ ባሕርን አስምሩ። በስተግራ የትግራይን ደጋ ሳሉና መቐለን ጻፉ። በሁለቱ መካከል የዳናክልን ረባዳ መሬት አስቀምጡ፤ በውስጡ ዳሎልን፣ አሳሌ ወይም ካሩም የሚባለውን የጨው ሐይቅ፣ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ አፍዴራን። ከመቐለ ወደ ጨው ሜዳው በሚወርደው መንገድ ላይ በራህሌን ጨምሩ።

አሁን ከፍታውን ጻፉበት። መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የጨው ሜዳው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ጨው የጫነ ግመል ወደ ገበያ ለመድረስ ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት ነበረበት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ክበቡት፤ ኢኮኖሚክስ ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን። የሙቀቱንም ነገር አትዝለሉ። ዳሎል ላይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለካው የዓመት አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር። ቀንና ሌሊት፣ ክረምትና በጋ ተደምሮ ነው አማካዩ 34 የሆነው። ሰው በሚኖርበት ቦታ ከተመዘገቡት አማካዮች እጅግ ከፍተኛው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ቀጥሎ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

አንደኛ፣ ምን ፈጠረው? አካባቢው የመሬት ቅርፊት የሚለያይበት ነው። የዓረቢያ፣ የኑቢያና የሶማሌ ንጣፎች እዚህ ይራራቃሉ፤ መሬቱም እየሳሳ ወደ ታች ይሰጥማል። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ወደዚህ ረባዳ መሬት ተደጋግሞ ገብቷል። ከዚያ መሬቱ ከፍ ሲልና የእሳተ ገሞራ ዐለት መንገዱን ሲዘጋው ውኃው ከባሕሩ ተቆረጠ። ፀሐይ ውኃውን ወሰደችው፣ ጨው ቀረ። ይህ ሲደጋገም በመቶዎች ሜትር የሚለካ ውፍረት ያለው የጨው ክምችት ተፈጠረ።

ሁለተኛ፣ ያልቃል ወይስ ይተካል? እዚህ ላይ የመጽሐፉን «ታዳሽ» እና «ታዳሽ ያልሆነ» የሚለውን ክፍፍል ዝም ብላችሁ አትቅዱ። በአሳሌ ሜዳ ላይ የጎርፍ ውኃ ሲገባ የላይኛውን ጨው ያሟሟል፤ ውኃው ሲተን እንደገና አዲስ ቅርፊት ይሠራል። ስለዚህ ሰው በእጁ የሚቆርጠው የላይኛው ንጣፍ ራሱን ያድሳል። ከሥር ያለው ጥልቅ ክምችትና አብሮት ያለው ፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚውል ማዕድን) ግን ከወጣ አይመለስም። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱም ዓይነት ሀብት አለ። እንዲህ ያለውን ነገር በፈተና ወረቀት ላይ የሚጽፍ ተማሪ ትርጉም ሸምድዶ ከመጣው ይለያል።

ሦስተኛ፣ ለማውጣት ምን ይፈልጋል? በአሳሌ ሠራተኞች ቅርፊቱን በእንጨት እየፈነቀሉ ያነሡታል፣ ሌሎች በትንሽ መሣሪያ እየጠረቡ አሞሌ፣ ማለትም ለመሸከም የሚመች የጨው ጡብ፣ ያደርጉታል። በአፍዴራ ደግሞ ጨዋማው ውኃ በፓምፕ ወደ ገንዳ ይገባል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨው ይዛቃል። የመጀመሪያው ብዙ ጉልበትና ትንሽ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ገንዳ፣ ፓምፕና የጭነት መኪና ይፈልጋል። ይህን ጻፉና እለፉ።

ደረጃ 3፦ ታሪኩን ከነምንጩ መጻፍ

እዚህ ረጅም የጊዜ መስመር አትሥሩ። አምስት ወይም ስድስት ነጥብ ይበቃል። ግን ከእያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ይህን ማን ነገረን? ሰውየው በዓይኑ አይቷል ወይስ ሰምቷል?

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ ኢንዲኮፕለስተስ የሚባል የግሪክኛ ጸሐፊ የአክሱም የቀይ ባሕር ወደብ ወደነበረችው አዱሊስ መጥቶ ነበር። የአክሱም ንጉሥ ሰዎች በአገው ገዥ በኩል ወርቅ ወደሚገኝበት ሳሱ ወደሚባል አገር እንደሚላኩ ጽፏል። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እሾህ አጥረው ዕቃቸውን ያስቀምጣሉና ይርቃሉ። የአገሩ ሰው ይመጣል፣ በሚፈልገው ዕቃ ላይ ወርቅ ያስቀምጣል፣ ይመለሳል። ባለ ዕቃው ወርቁ በቂ ከመሰለው ይወስዳል፤ ካልመሰለው ይተወዋል፤ ያኛው ደግሞ ይጨምራል ወይም ወርቁን ያነሣል። ሁለቱ ወገኖች ቋንቋ አይግባቡም፣ ዋጋ ግን ይግባባሉ። ኮስማስ አዱሊስን በዓይኑ አይቷል። የሳሱን ገበያ ግን ከነጋዴዎች የሰማው ይመስላል። ይህን ልዩነት በደብተራችሁ አስፍሩ።

ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። እሱ አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲሠራ አይቶ ጽፏል። ቁጥርም ትቶልናል፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ከዚያ ወደ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዝለሉ። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በትልልቅ ገበያዎች ተሰራጨ። አሞሌ ግን አልጠፋም፤ ለትንሽ ግዢ እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር። ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስቀረጹ፤ ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት 1887 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ይህም ሁሉ ሆኖ ራቅ ባሉ ቦታዎች አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ መገበያያ ሆኖ ቆይቷል። አዋጅ ወይም አዲስ ሳንቲም ወጣ ማለት አሮጌው በማግስቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ተማሪዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ።

በዚያው ዘመን ጣሊያኖች ከኤርትራ ጠረፍ ተነሥተው ወደ ዳሎል ፖታሽ ሐዲድ ዘረጉ። ከመርሳ ፋጥማ ወደብ የተነሣው ይህ ባቡር በ1918 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ካርታችሁ ላይ ጨምሩት። የቅኝ ግዛት ትምህርት ላይ «ጥሬ ዕቃ ፍለጋ» የሚለው ሐረግ እዚህ መስመር ሆኖ ይታያችኋል።

የመጨረሻው ነጥብ በ1990 ዓ.ም. የተነሣው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ነው። ከዚያ በፊት የመሐል አገር ጨው በብዛት የሚመጣው ከአሰብና ከምጽዋ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ የአፍዴራ ምርት ያንን ቦታ ያዘ።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ልበል፤ ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ ወደ አውሮፓው ለመቀየር 7 ትደምራላችሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ትደምራላችሁ። የአቢሲኒያ ባንክ የተከፈተው የካቲት 1898 ስለሆነ በአውሮፓው 1906 ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ስለሆነ 1994 ነው። ወሩን ካላወቃችሁ ዓመቱን አትቀይሩ፤ ባገኛችሁት አቆጣጠር ጻፉና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ምልክት አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ዋጋውን ማስላት

ይህ ክፍል ሰፊ ጊዜ ይገባዋል። ኢኮኖሚክስ የሚከብደው ግራፉ ከየት እንደመጣ ስለማይታይ ነው። ቁጥር በእጃችሁ ካለ ግራፉ ራሱ ይመጣል።

ወደ አልቫሬዝ ተመለሱ። ጨው ከሚወጣበት አቅራቢያ አንድ ድራም ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ይገዛል ይላል። ድራም ከ3 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ክብደት ነው። ንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ግን ያው ወርቅ የሚገዛው 6 ወይም 7 አሞሌ ብቻ ነው። ደብተራችሁ ላይ አስሉት። 120ን ለ6 ስታካፍሉ 20 ይመጣል። የአንድ አሞሌ ዋጋ በመንገድ ላይ ወደ 20 እጥፍ አድጓል።

አሁን ቀኙ ገጽ ላይ «ለምን?» ብላችሁ ጻፉ። ያ የክበባችሁት 2,000 ሜትር ዳገት እዚህ መልስ ይሆናል። የግመልና የበቅሎ ኪራይ አለ። የኬላ ቀረጥ አለ። የሽፍታ ስጋት አለ። ዝናብ ቢያገኘው የሚሟሟ ዕቃ ነው። ነጋዴው ደግሞ ወራት ከቤቱ ርቆ ነው የሚከርመው፤ በዚያ ጊዜ ሊሠራው ይችል የነበረው ሌላ ሥራ ቀርቶበታል። ኢኮኖሚክስ መጽሐፋችሁ ውስጥ የማምረቻ ወጪ፣ የማጓጓዣ ወጪ፣ ስጋት፣ የተተወ አማራጭ ዋጋ የሚሉት ቃላት ሁሉ በአንድ የአርሆ ጉዞ ውስጥ አሉ። አርሆ የሚባሉት ከደጋው ወርደው ጨው ጭነው የሚመለሱት ሰዎች ናቸው።

ቀጥሎ የገንዘብን ባሕርያት በአሞሌ ላይ ፈትኑ። መጽሐፉ ገንዘብ የመገበያያ መሣሪያ፣ የዋጋ መለኪያና የሀብት ማስቀመጫ ነው ይላል። አሞሌ መገበያያ ሆኗል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ይፈልገዋል፤ ቢከፋ ይበላል። የዋጋ መለኪያም ሆኗል፣ ግን ከቦታ ቦታ ዋጋው ስለሚለያይ ለሩቅ ንግድ አስቸጋሪ ነበር። ሀብት ማስቀመጫ ሲሆን ግን ይደክማል። እርጥበት ይበላዋል፣ ይሰበራል፣ ለመሸከም ይከብዳል። ጠገራ ብር ለምን ትልልቁን ንግድ እንደወሰደበት፣ አሞሌ ደግሞ ለምን ዝርዝር ሆኖ እንደቀረ አሁን ራሳችሁ ማስረዳት ትችላላችሁ። የታሪክ ጥያቄ ነበር፤ በኢኮኖሚክስ ተመለሰ።

ከዚያ ወደ ዛሬው ገበያ ውጡ። ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፦ ጅምላ አከፋፋይ፣ የሰፈር ሱቅ፣ ሱፐርማርኬት። የኪሎውን ዋጋ ጻፉና ልዩነቱን በመቶኛ አስሉ። ባለ ሱቁን «ከየት ነው የምታመጡት? መኪናው ስንት ይወስድባችኋል?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ሥራ ሲበዛበት አትሂዱ፤ ጠዋት ወይም ከምሳ በኋላ ይሻላል። ለምን እንደምትጠይቁ መጀመሪያ ንገሩት፤ የቀረጥ ሠራተኛ እንዳልሆናችሁ ሲያውቅ ደስ ብሎት ያስረዳችኋል።

ቤት ስትመለሱ አንድ ነገር አስቡ። የጨው ዋጋ ነገ በእጥፍ ቢጨምር እናታችሁ ወጡ ውስጥ ግማሽ ጨው ትጨምራለች? አትጨምርም። ከወር ወጪ ውስጥ የጨው ድርሻ ኢምንት ነው፣ ምትክም የለውም። ዋጋው ሲጨምር የሚገዛው መጠን ብዙ የማይቀንስ ዕቃ ይህ ነው። የሥጋ ዋጋ በእጥፍ ሲጨምርስ? ሁለቱን የፍላጎት መስመሮች ጎን ለጎን ሳሉ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተዘረጋ ይሆናል። የፍላጎት መለጠጥ የሚባለው ርዕስ በዚህ አለቀ።

ጨውን መንግሥታት ሁሉ መቅረጥ የሚወዱትም ለዚህ ነው። ዋጋው ቢጨምርም ሰው መግዛቱን አያቆምም። ይህ ጥያቄ ቀጥታ ወደ ዜግነት ትምህርት ይወስደናል።

ደረጃ 5፦ ሕጉን ከፍቶ ማንበብ

ዜግነት ትምህርት ላይ ተማሪዎች የሚሰለቹት «መብትና ግዴታ» የሚለው ነገር ያለ ጉዳይ ስለሚመጣ ነው። አሁን ጉዳይ አላችሁ። ሕገ መንግሥቱን ክፈቱና የሚከተሉትን አንቀጾች በራሳችሁ ቃል ጻፉ።

አንቀጽ 40 ንዑስ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ይኸው አንቀጽ ንዑስ 5 ላይ አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። የጨው ሜዳው ያለው አፋር ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ አርብቶ አደር ነው። ሁለቱ ንዑሳን አንቀጾች ጎን ለጎን ሲነበቡ ትልቅ ጥያቄ ይነሣል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ልማት ላይ ሐሳባቸው ሊጠየቅ ይገባል ይላል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን፣ አንቀጽ 92 የአካባቢ ጥበቃን ይመለከታሉ። አንቀጽ 98 ደግሞ ከከፍተኛ የማዕድን ሥራ የሚገኘውን ግብር የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በጋራ እንደሚጥሉ ይገልጻል።

አሁን አንድ ልምምድ ሥሩ። አንድ ኩባንያ በጨው ሜዳው አጠገብ ፖታሽ ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀ እንበል። ሦስት ገጽ ጻፉ። አንዱን እንደ ጨው ቆራጭ፣ አንዱን እንደ ኩባንያው ኃላፊ፣ አንዱን እንደ ክልሉ ባለሥልጣን። እያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይጥቀሱ። የማትስማሙበትን ሰው ገጽ በጣም አሳምራችሁ ጻፉ። የሌላውን ወገን ሐሳብ በጥሩ ቃል ማስረዳት የማይችል ሰው የራሱንም ሐሳብ በደንብ አያውቀውም፤ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ለንጽጽር ከውጭ አንድ ታሪክ ጨምሩ። በ1930 እ.ኤ.አ. ጋንዲ ከአህመዳባድ ተነሥተው በእግራቸው 24 ቀን ተጉዘው ዳንዲ በሚባል የባሕር ዳርቻ ጨው አነሡ። የእንግሊዝ ሕግ ሕንዳውያን ጨው በራሳቸው እንዳያመርቱ ይከለክል፣ ቀረጥም ያስከፍል ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ። ጋንዲ ለምን ጨውን መረጡ? ከላይ ያለው የፍላጎት መስመር መልሱን ይዟል። ድሃውም ሀብታሙም እኩል ይገዛዋል፤ ስለዚህ ቀረጡ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በድሃው ላይ ነው።

በመጨረሻ አዮዲንን አትርሱ። በደጋው ዝናብና መሸርሸር ከአፈር ውስጥ አዮዲንን ያጥባል። ከዚያ አፈር የሚበቅል ምግብም አዮዲን ያንሰዋል። እንቅርት ከዚህ ይመጣል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ሲያንሳት የጽንሱ አእምሮ ዕድገት መጎዳቱ ነው። ጨው ሁሉም ሰው በየቀኑ ስለሚበላው አዮዲን ማድረሻው ቀላል መንገድ ሆነ። በ2011 እ.ኤ.አ. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ገበያው ራሱ ለምን አላደረገውም? ገዢ ጨውን በዓይኑ አይቶ አዮዲን ይኑርበት አይኑርበት ማወቅ አይችልም። የማይታይ ነገር ላይ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ አይከፍልም፤ ሻጩም ወጪ አያወጣም። መንግሥት መቼ በገበያ ውስጥ ይግባ የሚለውን ክርክር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ይዛችሁ አትሄዱም።

ደረጃ 6፦ በአንድ ጥያቄ መፈተን

ደብተራችሁን ዝጉና ይህን ጥያቄ መልሱ፦ በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት የኢትዮጵያን የጨው ገበያ እንዴት ለወጠው?

ደካማ መልስ «ጦርነቱ የጨው እጥረት አስከተለ» ብሎ ያበቃል። ጠንካራ መልስ እንዲህ ይቀጥላል። ኢትዮጵያ ከኤርትራ ነፃነት በኋላ የባሕር ጠረፍ አልነበራትም፤ ጨው ግን ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ አቅርቦት ቀነሰ። የጨው ፍላጎት በዋጋ የማይቀንስ ስለሆነ እጥረቱ በዋጋው ላይ ወደቀ። ከፍ ያለው ዋጋ በረሃ ውስጥ ገንዳ መቆፈርን አዋጪ አደረገው። አፍዴራ ላይ ጨዋማ ውኃና ብርቱ ፀሐይ ቀድሞም ነበሩ፤ የጎደለው ገበያ ነበር። ምርቱ ሲሰፋ ደግሞ የመሬቱ ተጠቃሚ ማን ይሁን፣ ግብሩ ለማን ይግባ፣ አዮዲን ማን ይጨምር የሚሉ ጥያቄዎች መጡ።

መልሳችሁ ውስጥ «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ይህም ሲሆን» የሚሉትን ቃላት አስምሩባቸው። አንድም ካልተገኘ መረጃ ደረደራችሁ እንጂ አላስረዳችሁም።

ደረጃ 7፦ በቡድን ሲሆን

አራት ሆናችሁ አጥኑ። ከአራት በላይ ሲሆን ወሬ ይበዛል። እያንዳንዱ አንድ ትምህርት ይይዛል፣ በሚቀጥለው ርዕስ ግን ቦታ ትቀያየራላችሁ። ኢኮኖሚክስ የሚፈራው ልጅ ሁልጊዜ ታሪክ ከወሰደ ቡድኑ አልጠቀመውም።

መጽሐፋችን እንግሊዝኛ ነው። ብዙ ተማሪ ሐሳቡ ሳይሆን ቋንቋው ነው የሚያደናቅፈው። ስለዚህ መጀመሪያ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ አስረዱ፤ ሁሉም ከተግባባ በኋላ የእንግሊዝኛውን ቃል ከመጽሐፉ ፈልጋችሁ አጠገቡ ጻፉ። ቃሉን ቀድማችሁ ከሸመደዳችሁ ሐሳቡ እንደገባችሁ ይመስላችኋል፤ ጥያቄው ዞር ብሎ ሲመጣ ግን ትጠፋላችሁ።

ለአንድ ርዕስ ሁለት ሳምንት ስጡ። ወላጆች ይህን ካነበባችሁ ልጆቹ ገበያ ሄደው ዋጋ ሲጠይቁ «ጨዋታ ነው» ብላችሁ አትመልሷቸው። ስለ አሞሌ የምታውቁት ካለ ንገሯቸው፤ አያቶች ካሉ ደግሞ ከእነሱ ይጀመር። የሰሙትን ከነማን እንደሰሙት በደብተሩ ይጻፉት፤ እሱም ምንጭ ነው።

ጨው ካለቀ ቡናን ውሰዱ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የደቡብ ምዕራቡን ደን ካርታ ሳሉና ከፍታውን ጻፉ። በታሪኩ ገጽ ከሐረር እስከ የመን ያለውን መንገድ አስምሩ። በዋጋው ገጽ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገበሬውንና ገዢውን እንዴት እንዳገናኘ ጠይቁ። በሕጉ ገጽ ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያደረገውን ክርክር አንብቡ፤ የአንድ ቡና ስም ባለቤት ማን ነው የሚለውን ጥያቄ በቀኙ ገጽ ላይ ጻፉና ከዚያ ጀምሩ።